ለቆዩ ተሽከርካሪዎች ከርቀት የሚታዘዝ የባትሪ ማቋረጫ አመራረጥ

መግቢያ

ከተሠሩ አርባና ከዚያ በላይ ዓመታት ያስቆጠሩ ቮልስዋገኖች፣ ፊያቶች፣ ፔጆዎችና ላንድሮቨሮች ዛሬም በአገራችን ጎዳናዎች ላይ ይታያሉ። ከፊሎቹ በዕለት ተዕለት አገልግሎት ላይ ሲሆኑ ከፊሎቹ ደግሞ በቅርስነት ተጠብቀው አልፎ አልፎ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። የእነዚህ ተሽከርካሪዎች የኤሌክትሪክ ሥርዓት ቀላልና ለጥገና የሚመች ቢሆንም ዕድሜው የገፋ ነው። የሽቦው ልባስ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ማያያዣዎቹ ይዝጋሉ፤ በፋብሪካ ያልነበሩ ሬዲዮና ተጨማሪ መብራቶችም በየጊዜው ይቀጠሉበታል።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ከባትሪው ወደ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) የሚሄደው ወፍራም ገመድ ነው። ይህ ገመድ በአብዛኞቹ የቆዩ መኪናዎች ላይ ፊውዝ የለውም። ልባሱ ተልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ ባትሪው ያለውን ኃይል ያለ ገደብ ይለቃል፤ ገመዱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይግላል፤ እሳትም ሊነሳ ይችላል። መኪናው የቆመ፣ ቁልፉም የተነቀለ መሆኑ ይህን አደጋ አያስቀረውም። አደጋውን የሚያስቀረው ባትሪው ከመኪናው ጋር ያለውን ግንኙነት ማቋረጥ ብቻ ነው።

ለዚሁ ዓላማ የሚውሉ፣ ባለንብረቱ ኮፈን ወይም መቀመጫ ሳይከፍት ከርቀት የሚያዛቸው የባትሪ ማቋረጫዎች በገበያ ላይ ይገኛሉ። መሣሪያዎቹ በመልክ ቢመሳሰሉም በአሠራርና በአቅም እጅግ ይለያያሉ። ያለ ጥናት የተገዛ ማቋረጫ ሊከላከለው የታሰበውን እሳት ራሱ ሊያስነሳ፣ ወይም መኪናውን በጉዞ ላይ ሊያጠፋ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ባለንብረቶች መሣሪያውን ከመግዛታቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ለማስገንዘብ ተዘጋጅቷል።

ዋናው መልእክት የሚከተለው ነው፦ አስቀድሞ መኪናውን መለካት፣ ከዚያ በኋላ መሣሪያውን መምረጥ ይገባል። ምርጫውን የሚወስኑት የሪሞቱ ርቀትና የዕቃው ዋጋ ሳይሆኑ የሞተሪኖው የኤሌክትሪክ ፍጆታ፣ የባትሪው ቦታና መሣሪያው በጉዞ ላይ በራሱ የማይከፈት መሆኑ ናቸው።

1. የባትሪ ማቋረጫ የሚሰጠው ጥቅምና የማይሰጠው ጥቅም

በአግባቡ የተመረጠና የተተከለ ማቋረጫ ሦስት ጥቅሞች አሉት።

አንደኛ፣ ቆሞ በሚያድር መኪና ላይ በአሮጌ ሽቦዎች ምክንያት የሚነሳ እሳትን ይከላከላል።

ሁለተኛ፣ ባትሪው ሳይታወቅ እንዳይራገፍ ያደርጋል። ለምሳሌ ሰዓትና ሬዲዮ ተደምረው 50 ሚሊ አምፔር የሚወስዱ ቢሆን በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት፣ በ30 ቀን ደግሞ 36 አምፔር ሰዓት ይጠጣሉ። ይህ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝን ባትሪ ባዶ ለማድረግ ጥቂት የቀረው ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ተራግፎ ሲቆይ ደግሞ በሳህኖቹ ላይ ጠጣር ሰልፌት ስለሚጋገር የቀድሞ አቅሙን መልሶ አያገኝም።

ሦስተኛ፣ በአደጋ ጊዜ ኤሌክትሪኩን በፍጥነት ለማቋረጥ ያስችላል።

በሌላ በኩል ማቋረጫው የጥገና ምትክ አይደለም። የተላጠ ሽቦ ይቀየራል፤ የሚያንጠባጥብ የነዳጅ ጎማ ይለወጣል። ማቋረጫው የሚከላከለው መኪናው በቆመበትና መሣሪያው በተከፈተበት ጊዜ ብቻ ነው፤ መኪናው በሚጓዝበት ጊዜ ጉድለቱ ሁሉ በቦታው አለ። እንዲሁም ማቋረጫው ስርቆትን ያዘገያል እንጂ አይከለክልም። ባትሪው ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ወፍራም ገመድ በመቀጠል ሊያልፈው ስለሚችል የበርና የመሪ ቁልፍን አይተካም።

2. የመሣሪያው ዓይነቶች

2.1 በሽቦ ገመድ የሚሳብ ሜካኒካዊ ማቋረጫ

ማቋረጫው ከባትሪው አጠገብ ይታሰራል፤ ከእርሱም እንደ ፍሬን ገመድ ያለ ሽቦ ወደ ሹፌሩ ቦታ ወይም ወደ መኪናው ውጫዊ ክፍል ይዘረጋል። እጀታው ሲሳብ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ለመሥራት ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም፤ ከባትሪውም ምንም አይወስድም። በመኪና ውድድር ላይ በስፋት የሚታወቀው ይህ ዓይነት ሲሆን፣ የእጀታው ቦታ የሚመለከተው ነጭ ጠርዝ ባለው ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ውስጥ በተሣለ ቀይ የብልጭታ ምልክት ነው። ጉድለቱ መልሶ ለመዝጋት በአብዛኛው ወደ ማቋረጫው መቅረብን መጠየቁና ገመዱ ካልተቀባ ሊደርቅ መቻሉ ነው።

2.2 በአዝራር የሚታዘዝ፣ ቦታውን ጠብቆ የሚቆይ ሪሌ

ይህ ዓይነት በዳሽቦርድ ላይ ከሚተከል አዝራር በቀጭን ሽቦ ትእዛዝ ይቀበላል። ለመክፈትም ሆነ ለመዝጋት ኤሌክትሪክ የሚወስደው ለቅጽበት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባለበት ሁኔታ ይቆያል። የመቆጣጠሪያ ሽቦው ቢበጠስ እንኳ በጉዞ ላይ አይከፈትም። በጀልባዎችና በከባድ ተሽከርካሪዎች ላይ የተለመደ ሲሆን ለዕለት ተዕለት አገልግሎትም ተስማሚ ነው።

2.3 በሬዲዮ ሞገድ የሚታዘዝ ሪሌ

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። በቁልፍ መያዣ ላይ በሚንጠለጠል ትንሽ ሪሞት ይታዘዛል። አብዛኛውን ጊዜ በባትሪው ጫፍ ላይ በቀጥታ ስለሚታሰር ተከላው ቀላል ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮች ሊታወቁ ይገባል። አንደኛው፣ የሪሞቱን ጥሪ ለመስማት ተቀባዩ ሌሊትና ቀን ነቅቶ ስለሚጠብቅ ራሱ ከባትሪው ይጠጣል። ለምሳሌ 8 ሚሊ አምፔር የሚወስድ ተቀባይ በ30 ቀን ወደ 5.8 አምፔር ሰዓት ይጨርሳል። ስለዚህ ለወራት ለሚቆም መኪና የሚመረጥ አይደለም። ሁለተኛው፣ መሣሪያው የሚሠራው በቂ ቮልቴጅ ሲያገኝ ብቻ ነው። ባትሪው ከተራገፈ ሪሞቱ ላይሠራ ይችላል።

2.4 ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ ተዘግቶ የሚቆይ ሶሌኖይድ

ይህ ዓይነት ተዘግቶ እንዲቆይ ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የመቆጣጠሪያ ሽቦው ቢላቀቅ ወይም ፊውዙ ቢቃጠል ወዲያውኑ ይከፈታል። ይህ በሌሊት ጉዞ ላይ ቢደርስ መብራቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። በተጨማሪም ሥራ ላይ እያለ ይግላል። ስለዚህ ለዋና ባትሪ ማቋረጫነት አይመከርም።

2.5 ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌለው ኤሌክትሮኒክ ማቋረጫ

ብልጭታ አይፈጥርም፤ የሚበላሽ የመገናኛ ነጥብም የለውም። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገላብጦ ከታሰረም ሊቃጠል ይችላል። ፖዘቲቩ ከመኪናው አካል ጋር ለተያያዘባቸው አሮጌ መኪናዎች ከመግዛት በፊት አምራቹ ተስማሚነቱን በጽሑፍ የገለጸ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

2.6 ቮልቴጅ ሲቀንስ በራሱ የሚከፈት ማቋረጫ

አንዳንድ መሣሪያዎች የባትሪው ቮልቴጅ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ በራሳቸው ይከፈታሉ። መኪናው ቆሞ እያለ ይህ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ዲናሞው ኃይል ማመንጨት ባቆመበት የሌሊት ጉዞ ላይ መሣሪያው ሹፌሩን ሳያስጠነቅቅ መብራት ሊያጠፋ ይችላል። ይህ አሠራር ያለው መሣሪያ ከተመረጠ ሞተር በሚሠራበት ጊዜ አሠራሩ የሚታገድበት መንገድ ሊኖረው ይገባል።

3. ከመግዛት በፊት በመኪናው ላይ የሚደረግ ልኬት

3.1 ቮልቴጅ

እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ በርካታ ቮልስዋገኖች 6 ቮልት ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን አብዛኞቹ ወደ 12 ቮልት ተሸጋግረዋል። በሪሞት የሚታዘዙት መሣሪያዎች በአብዛኛው ለ12 ቮልት የተሠሩ ስለሆኑ በ6 ቮልት ላይ ሪሌያቸው ላይንቀሳቀስ ይችላል። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ቮልቴጅ በኋላ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል በመጽሐፉ ላይ ከመተማመን ይልቅ ባትሪውን በቴስተር መለካት ይሻላል። ሙሉ ኃይል ያለውና ያረፈ የ12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ፣ የ6 ቮልት ባትሪ ደግሞ 6.3 ቮልት ገደማ ያሳያል። ለ6 ቮልት መኪና ሜካኒካዊው ማቋረጫ አስተማማኝ ምርጫ ነው።

3.2 ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው ጫፍ

በአብዛኞቹ መኪናዎች ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው ኔጋቲቩ ነው። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ላንድሮቨሮችንና ሌሎች የእንግሊዝ መኪናዎችን ጨምሮ በርካቶች ግን ፖዘቲቩ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ነው። ማቋረጫው እንዲታሰር የሚመከረው፣ ፖዘቲቭም ሆነ ኔጋቲቭ ይሁን፣ ከመኪናው አካል ጋር በሚያያዘው ገመድ ላይ ነው። ምክንያቱም በተከላ ጊዜ መፍቻ ብረት ቢነካ እንኳ ብልጭታ አይነሳም፤ ማቋረጫው ሲከፈትም መላው መኪና ከባትሪው ይለያል።

3.3 ሞተሪኖው የሚወስደው አምፔር

አነስተኛ የቤንዚን ሞተር ያላቸው የ12 ቮልት መኪናዎች ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ በጥቅሉ ከ100 እስከ 200 አምፔር ይወስዳሉ። መዞር በሚጀምርበት ቅጽበት ፍጆታው ከዚህም ይበልጣል። የናፍጣ ሞተሮች 300 አምፔርና ከዚያ በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። የ6 ቮልት መኪና ያንኑ ኃይል ለማግኘት እጥፍ ገደማ አምፔር ያስፈልገዋል። ስለዚህ መኪናው ትንሽ ስለሆነ አነስተኛ ማቋረጫ ይበቃዋል የሚለው ግምት ለ6 ቮልት አይሠራም።

ልኬቱ በገመዱ ዙሪያ በሚቆነጥጥ የአምፔር መለኪያ ይወሰዳል። ከእነዚህ መለኪያዎች ብዙዎቹ የቤት ኤሌክትሪክን ብቻ የሚለኩ በመሆናቸው የባትሪ ኤሌክትሪክን (ዲሲ) የሚለካ መሆኑ አስቀድሞ ሊታይ ይገባል።

3.4 የባትሪው ቦታና በዙሪያው ያለው ክፍተት

ይህ ነጥብ በተለይ የቮልስዋገን ባለንብረቶችን ይመለከታል። የዚህ መኪና ባትሪ የሚገኘው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው። የመቀመጫው ሙሌት ሲያረጅና ሰው ሲቀመጥበት የብረት ምንጮቹ ወደ ባትሪው ጫፎች ይወርዳሉ። የባትሪው መክደኛ ከሌለ ምንጩ ሁለቱን ጫፎች ሊያገናኝ፣ መቀመጫውም ሊቀጣጠል ይችላል።

በባትሪው ጫፍ ላይ የሚታሰረው የሪሞት መሣሪያ በዚህ ቦታ ላይ ሲገባ ከፍታውን ይጨምራል፤ ከምንጩ ጋር ያለውንም ክፍተት ያጠባል። በመሆኑም ለዚህ መኪና በባትሪው ጫፍ ላይ የሚቀመጥ መሣሪያ አይመከርም። ማቋረጫው ከባትሪው ጎን ራቅ ባለ ቦታ ላይ በጠንካራ ሁኔታ ተበይዶ ወይም በብሎን ታስሮ በገመድ መገናኘት ይኖርበታል። ባትሪውም ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መክደኛ ሊሸፈን ይገባል።

ክፍተቱን ለመፈተሽ በባትሪው መክደኛ ላይ ለስላሳ ጭቃ ወይም ሊጥ ይቀመጣል፤ መቀመጫው ወደ ቦታው ተመልሶ ከባድ ሰው እንዲቀመጥበት ይደረጋል። መቀመጫው ሲነሳ የሊጡ ውፍረት የቀረውን ክፍተት ያሳያል።

ሌላው ምክንያት ጋዝ ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በብልጭታ ይፈነዳል። ሪሌ ሲከፈትና ሲዘጋ ብልጭታ ሊፈጥር ስለሚችል አየር በማይዘዋወርበት ጠባብ ቦታ ከባትሪው ክዳን በላይ መቀመጡ ተገቢ አይደለም።

4. በመሣሪያው ላይ የሚጻፉ ቁጥሮች ትርጉም

ተከታታይ አምፔር፦ መሣሪያው ሳይግል ለረጅም ጊዜ የሚሸከመው መጠን ነው።

የቅጽበት አምፔር፦ ሞተር በሚነሳበት ጊዜ ለጥቂት ሰኮንዶች የሚሸከመው ነው። ቁጥሩ ለስንት ሰኮንድ እንደሆነ ካልተገለጸ ትርጉም የለውም። በማሸጊያው ላይ አንድ ቁጥር ብቻ የተጻፈበትን፣ ተከታታይ ይሁን የቅጽበት የማይለይን መሣሪያ አለመግዛት ይመረጣል። በመኪናው ላይ ከተለካው አምፔር ቢያንስ እጥፍ የሆነ የቅጽበት አቅም ያለውን መምረጥ ለአስተማማኝነት ይረዳል።

የመገናኛ ነጥቡ መቋቋም፦ በሚሊ ኦም ይገለጻል። 1 ሚሊ ኦም ትንሽ ቢመስልም 200 አምፔር ሲያልፍበት 0.2 ቮልት ያስቀራል፤ 40 ዋት ሙቀትም ያመነጫል። ከዚህ የሚበልጥ መቋቋም ያለው መሣሪያ ሞተሩ በዝግታ እንዲዞር ሊያደርግ፣ ራሱም ሊቃጠል ይችላል።

በቆመበት ጊዜ የሚወስደው ኤሌክትሪክ፦ በሚሊ አምፔር ይገለጻል። ቁጥሩን በ24 ማባዛት የቀኑን፣ ውጤቱን በ30 ማባዛት የወሩን ፍጆታ ይሰጣል። ይህ ከባትሪው አቅም ጋር ይነጻጸራል።

ከአቧራና ከውኃ የመከላከል ደረጃ፦ ለምሳሌ አይፒ67 ሲል 6 አቧራ የማያስገባ መሆኑን፣ 7 ደግሞ እስከ አንድ ሜትር በሚደርስ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየት መቻሉን ያሳያል። በክረምት በጎርፍ ላይ ለሚያልፍና በአቧራማ መንገድ ለሚጓዝ መኪና ይህ ደረጃ ትርፍ ነገር አይደለም።

የእጅ መክፈቻና መዝጊያ፦ ሪሞቱ ቢጠፋ ወይም ባትሪው ቢያልቅ መሣሪያው በእጅ የሚሠራበት አዝራር ወይም ዘንግ ሊኖረው ይገባል። ይህ የሌለው መሣሪያ ምንም ያህል ቢረክስ አይመረጥም።

ከውጭ አገር በዘመድ በኩል ለሚያስመጡ ባለንብረቶች፦ በአሜሪካ የሚሸጡ የመኪና ሪሞቶች በብዛት 315 ሜጋ ኸርዝ፣ በአውሮፓ የሚሸጡት ደግሞ 433.92 ሜጋ ኸርዝ ይጠቀማሉ። ሪሞቱና ተቀባዩ ተጣጥመው የተሠሩ ስለሆኑ አንዱን ብቻ ለይቶ መግዛት አይቻልም። ሁለት ሪሞት ያለውን ማስመጣት ይመረጣል። በአገራችን የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በመሆኑ፣ መሣሪያውን በብዛት ለንግድ ማስመጣት የሚፈልጉ አስቀድመው ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

5. ሞተር እየሠራ ማቋረጫው ሲከፈት

ብዙዎች ባትሪው ሲቋረጥ ሞተሩ ወዲያውኑ የሚጠፋ ይመስላቸዋል። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ ዲናሞው ወይም አልተርኔተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ለማቀጣጠያው መመገቡን ሊቀጥል ይችላል። በተጨማሪም ባትሪው በድንገት ሲለይ ቮልቴጁ ለቅጽበት ከመጠን በላይ ያሻቅባል፤ የአልተርኔተሩን ዳዮዶችና ሬዲዮውን ሊያቃጥል ይችላል።

ለውድድር የሚሠሩ ሜካኒካዊ ማቋረጫዎች ለዚህ መፍትሔ አላቸው። ከዋናው ግንኙነት በተጨማሪ ትናንሽ መገናኛዎች ስላሏቸው ማቀጣጠያውን አብረው ያቋርጣሉ፤ የአልተርኔተሩንም ትርፍ ኃይል በ3 ኦም መቋቋሚያ በኩል ወደ መኪናው አካል ያስወርዳሉ። ባለንብረቱ ማቋረጫውን በአደጋ ጊዜ ሞተር ለማጥፋት ጭምር ሊጠቀምበት ካሰበ ይህን ዓይነት መምረጥ አለበት። ተራ የሪሞት ማቋረጫ የሚያገለግለው ለቆመ መኪና ብቻ ነው።

በሜካኒካዊ ፓምፕ የሚሠሩ የቆዩ የናፍጣ ሞተሮች ለመቃጠል ኤሌክትሪክ ስለማያስፈልጋቸው ባትሪው ቢቋረጥም አይጠፉም። ለእነዚህ የነዳጅ ማቋረጫ እጀታው መሥራቱ ለብቻው ሊረጋገጥ ይገባል።

6. የተከላ ቅደም ተከተል

ተከላው በመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ በተሠማራና ሕጋዊ ፈቃድ ባለው ጋራዥ እንዲከናወን ይመከራል። ባለንብረቱ የሚከተሉት መፈጸማቸውን መከታተል ይችላል።

ሀ) ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው የባትሪ ገመድ በመጀመሪያ ይፈታል፤ በመጨረሻም ይታሰራል።

ለ) አዲስ የሚጨመረው ገመድ ውፍረት ከነባሩ ገመድ ያላነሰ ይሆናል። ጫፉ በመሣሪያ ተጨምቆ በተሠራ ማያያዣ ይታሰራል እንጂ በእጅ ተጠምዝዞ አይቀጠልም።

ሐ) ከባትሪው ጫፍ በቀጥታ የተቀጠሉ ሌሎች ቀጫጭን ሽቦዎች በሙሉ ወደ ማቋረጫው ማዶ ይዛወራሉ። አንድ ሽቦ እንኳ ከቀረ መኪናው በዚያ በኩል ከባትሪው ጋር እንደተገናኘ ይቆያል፤ ሞተሪኖ ለማስነሳት ቢሞከርም ያ ቀጭን ሽቦ ሊቃጠል ይችላል።

መ) ማቋረጫው ከነዳጅ ጎማ፣ ከጭስ ማውጫና ከሚንቀሳቀሱ ክፍሎች ርቆ ይታሰራል።

ሠ) የአዝራሩ ወይም የእጀታው ቦታ ሹፌሩ ቀበቶ አስሮ ሊደርስበት የሚችል፣ ልጆች በጨዋታ ወይም እግር በስሕተት የማይነካው ይሆናል።

7. ከተከላ በኋላ የሚደረግ ፍተሻ

የመጀመሪያው ፍተሻ በማቋረጫው ላይ የሚቀረውን ቮልቴጅ መለካት ነው። ሞተሩ እንዳይነሳ የማቀጣጠያ ኮይሉ ቀጭን ሽቦ ይላቀቃል። የቴስተሩ ሁለት ጫፎች በማቋረጫው ግራና ቀኝ ይደረጋሉ፤ ሞተሪኖው ለጥቂት ሰኮንዶች ይዞራል። በ12 ቮልት መኪና ንባቡ ከ0.2 ቮልት፣ በ6 ቮልት መኪና ደግሞ ከ0.1 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ማያያዣው ላልቷል፣ ወይም መሣሪያው አቅም የለውም።

ሁለተኛው ፍተሻ በእጅ መዳሰስ ነው። ሞተሪኖው ከተቻለው በላይ ሳይደጋገም ከተነሳ በኋላ ማቋረጫው ሊግል አይገባም።

ሦስተኛው ፍተሻ ማቋረጫው ሲከፈት መብራት፣ ክላክስ፣ ፍሬቻና የዝናብ መጥረጊያ በሙሉ አለመሥራታቸውን፣ ሲዘጋ ደግሞ በሙሉ መሥራታቸውን ማየት ነው። ይህን ፍተሻ መኪናው ለዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ከመቅረቡ በፊት መድገም ይገባል።

አራተኛው ፍተሻ በየወሩ የሚደረግ ሲሆን የማያያዣ ብሎኖችን ማጥበቅ፣ የሳብ ገመዱን ቅባት መቀባትና የእጅ መክፈቻውን መሞከርን ያካትታል።

8. ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ መኪናዬን በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። የትኛው ዓይነት ይስማማኛል?
መልስ፦ በ12 ቮልት ለሚሠራና በየቀኑ ለሚነዳ መኪና በአዝራር የሚታዘዝ፣ ቦታውን ጠብቆ የሚቆይ ሪሌ ተመራጭ ነው። በሬዲዮ የሚታዘዘውም የእጅ መክፈቻ ካለውና የባትሪው ቦታ ከፈቀደ ሊያገለግል ይችላል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ለወራት ይቆማል።
መልስ፦ ከባትሪው ምንም የማይወስደው ሜካኒካዊ ማቋረጫ ይሻላል። ባትሪው ቢቋረጥም በራሱ ቀስ በቀስ ስለሚራገፍ በየጊዜው መሙላት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ማቋረጫው ተከፍቶ እያለ ባትሪውን መሙላት ይቻላል?
መልስ፦ ይቻላል፤ የመሙያው ጫፎች በቀጥታ በባትሪው ጫፎች ላይ ከታሰሩ። ቻርጀሩ ከመብራት የሚሰካው ጫፎቹ ከታሰሩ በኋላ፣ የሚነቀለውም ጫፎቹ ከመፈታታቸው በፊት መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ መድን ሰጪዬን ማሳወቅ አለብኝ?
መልስ፦ በመኪናው ላይ የተደረገን ለውጥ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ማሳወቅና የጋራዡን ደረሰኝ መያዝ ወደፊት ሊነሳ የሚችልን ክርክር ይቀንሳል።

9. እሳት ቢነሳ

ከመኪናው ጭስ ወይም የተቃጠለ ጎማ ሽታ ሲሰማ መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ ማቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ተሳፋሪዎችን በፍጥነት ማስወረድና ማራቅ ይቀድማል። የማቋረጫው እጀታ በቀላሉ የሚደረስበት ከሆነ ብቻ ይከፈታል። ኮፈን ወይም መቀመጫ በአንድ ጊዜ መክፈት አየር ስለሚያስገባ እሳቱን ሊያባብስ ይችላል። የዱቄት እሳት ማጥፊያ መያዝና አጠቃቀሙን ማወቅ ለማንኛውም የቆየ መኪና ባለንብረት ተገቢ ነው። በአዲስ አበባ ከተማ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር የአስቸኳይ ጥሪ ቁጥር 939 ነው።

ማጠቃለያ

ባለንብረቶች ወደ ገበያ ከመሄዳቸው በፊት አራት ነገሮችን በወረቀት ላይ ይዘው ቢገኙ ምርጫቸው ይቀላል፦ የመኪናቸውን ቮልቴጅ፣ ከአካሉ ጋር የተያያዘውን የባትሪ ጫፍ፣ ሞተሪኖው የሚወስደውን አምፔርና በባትሪው ዙሪያ ያለውን ክፍተት። ሻጩ ለእነዚህ የሚስማማ መሣሪያ ማቅረብና የአቅም ቁጥሮቹን በጽሑፍ ማሳየት ካልቻለ ግዢውን ማዘግየት ይመረጣል። ጥሩ ማቋረጫ ለመግዛት ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ አቅም የሌለውን ከመትከል ይልቅ የባትሪውን መክደኛ ማሟላት፣ የተላጡ ሽቦዎችን መቀየርና መኪናው ለረጅም ጊዜ ሲቆም ገመዱን በመፍቻ መፍታት የበለጠ ጥበቃ ይሰጣል።